መዝገባችንን በአንድ ቤት አናስቀምጥ



በኢዮቤልዩ በዓል ስለ ዲስክና ስለ ሰርቨር መነሣቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። እኛ በባሕሪ በሱቅ ሥራ የኖርን ሰዎች ነን፤ የምናውቀው ዕቃ አያያዝን ነው። የዕድር መዝገብ፣ የልጆች የልደት ካርድና የሠርግ ፎቶግራፍም አያያዝ ይፈልጋሉ።

ዛሬ ብዙ ማኅበራት ሰነዳቸውን የሚያኖሩት ሁለት ወይም አራት ዲስክ በሚይዝ ትንሽ የኔትወርክ ሰርቨር ነው። ዲስኮቹ መጋዘኑ ናቸው፤ ቮልዩም የሚባለው መጋዘኑን የምንከፍልበት ክፍል ነው። አንዱን ለሂሳብ፣ አንዱን ለፎቶግራፍ ከፍለን ማን የትኛውን እንደሚከፍት እንወስናለን።

ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በሬይድ 1 ሲጣመሩ አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሚሆን የምናገኘው ቦታ 4 ቴራባይት ብቻ ነው። አራት ቢሆኑና በሬይድ 5 ቢጣመሩ 12 ቴራባይት ይገኛል። በሁለቱም መንገድ አንድ ዲስክ ቢበላሽ ሥራ አይቆምም። የተበላሸው ግን ሳይውል ሳያድር ይተካ፤ ከመንቀልም በፊት መለያ ቁጥሩ ይታይ።

ይሁን እንጂ ሬይድ ከዲስክ ብልሽት እንጂ ከእሳትና ከዘረፋ አያድንም። በስሕተት የተሰረዘ ፋይልም ከሁሉም ዲስክ እኩል ይሰረዛል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በቀዳም ሥዑር ዕለት ጦርነቱ ሲጀመር ሰርቨር ተሸክሞ መውጣት የማይታሰብ ነበር። በተከተለው ግንቦት ኦምዱርማን ውስጥ በአህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የመሐመድ ዑመር በሺር ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ከጦርነቱ አስቀድሞ ሱዳን ሜሞሪ በተባለው ሥራ በኮምፒዩተር የተቀዱ የሱዳን ፎቶግራፎችና ሰነዶች ግን ዋናው ቢጠፋም ቅጂያቸው አለ።

ስለዚህ የምናሳስበው ይህን ነው፦ ሦስት ቅጂ ይኑረን፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይሁን፤ አንዱ በሌላ አገር ይቀመጥ። አዲስ አበባ ወይም ካይሮ ባለ ታማኝ አባል እጅ የሚቀመጠው ዲስክ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ቃሉንም ሁለት ሰው ይወቀው። በየሦስት ወሩ ይታደስ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ተከፍቶ ይፈተሽ፤ ያልተፈተሸ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርምና።

ቤት ይሠራል፣ ሱቅም ይከፈታል። የጠፋ መዝገብ ግን በገንዘብ አይገዛም። ልጆቻችን ማንነታቸውን የሚያስረዱበትን ወረቀት እንዳያጡ ዛሬውኑ እንጀምር።

እግዚአብሔር ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በሰላም ያድርሰን።