ከአሜን በኋላ ያለው አምልኮ



ዕብራውያን 13፥15 በከንፈራችን ስለምናቀርበው የምስጋና መሥዋዕት ይናገራል። ይህን ሁላችንም እንወደዋለን። ቁጥር 16 ደግሞ መልካም ማድረግንና ያለንን ማካፈልንም እግዚአብሔር ደስ የሚሰኝበት መሥዋዕት ይለዋል። ታዲያ እኛ ሁለቱን ለምን እንለያያቸዋለን?

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ ስንቶቻችን የሰው በር አንኳኳን? ሀብሩ ጃራ መጠለያም ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችንን አይተናል። አንድ እንጀራ፣ አንድ ብርድ ልብስ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከጉባኤ ስትመለስ ለአቅመ ደካማዋ ጎረቤትህ አንድ ጄሪካን ውሃ ቅዳላት። እህቴ፣ አራስ ቤት ገንፎ ይዘሽ ግቢ፤ ቡና ስታፈዪ ብቻቸውን የሚውሉትን እማማ ጥሪያቸው። ሙስሊም ናቸው፣ ኦርቶዶክስ ናቸው አትበዪ። ሉቃስ 10 ላይ ያለው ሳምራዊ ቁስል አሰረ እንጂ የቆሰለውን ሰው ወገኑን አልጠየቀም። ደግነታችንንም ማጥመጃ አናድርገው፤ ለጌታ ያቀረብነውን መሥዋዕት መልሰን ለሰው አንሸጥም።

ዛሬ ማታ ስትጸልዩ የአንድ ጎረቤት ስም ጥሩ። ነገ ጠዋት በሩን አንኳኩ። አምልኮው እዚያም ይቀጥላል።

ጌታ ይርዳን። አሜን!