«ቅመም» ስለ ተባለው ቃል

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ቃል ከማናችንም ቤት የማይጠፋ፣ ነገር ግን ቆም ብለን ያልመረመርነው ቃል ነው። ይኸውም «ቅመም» የሚለው ነው።

የቃሉ ሥር ግእዝ ሲሆን «ቀመመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ትርጓሜውም መዓዛና ጣዕም ያላቸውን ነገሮች መጥኖ አዋሐደ፣ አጣፈጠ ማለት ነው። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው «ቀማሚ» ይባላል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ለመገናኛው ድንኳን የሚሆነው ዕጣን በቀማሚ ብልሃት እንዲዘጋጅ፣ የሚገቡበት አራቱ ዓይነቶችም እኩል እንዲመጠኑ ታዝዟል። ዛሬም መድኃኒት መጥኖ የሚያዘጋጀውን ባለሙያ «መድኃኒት ቀማሚ» እንለዋለን። እንግዲህ ቃሉ የትም ቢገባ መመጠንን ይዞ ይገባል።

ይሁን እንጂ ይህን ቃል እኛ አስቀድመን የተጠቀምንበት ለስድብ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለን እናቷ እዚሁ ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ቅመም እየወቀጡ በመሸጥ የሚያሳድጓት አንዲት ልጅ ከመካከላችን ነበረች። ማታ ማታ እናቷን ስለምታግዝ የደንብ ልብሷ ጠዋት ኮረሪማና ቅርንፉድ ይሸት ነበር። እኛም «ቅመም መጣች» እያልን አፍንጫችንን እንይዝ ነበር። እርሷም ቦታዋን ለቃ በመስኮቱ አጠገብ ብቻዋን መቀመጥ ጀመረች።

ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን ለየቡድኑ አንድ አንድ ቃል እንድንመረምር ሲያድሉን ለእኛ የደረሰን «ቅመም» ሆነ። ዐውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልጠየቅናቸውም። ከዚያች ልጅ እናት የተሻለ የሚያስረዳን ሰው ስላልነበረ እያፈርን ከቤታቸው ሄድን።

እርሳቸውም ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ኮረሪማውን እየፈለፈሉ «ልጆቼ፤ ሁሉም የየራሱ እሳት አለው። አብራችሁ ካመሳችሁት አንዱ ሲያርር ሌላው ጥሬ ይቀራል። ቅርንፉድ ደግሞ ኃይለኛ ነው፤ ከበዛ የሁሉንም ሽታ ይሸፍናል» አሉን። ከዚያም ከሙቀጫው ጥቂት ቆንጥረው በመዳፋችን አኖሩልን።

በዚያች ቁንጥር ውስጥ ስንት አገር እንዳለ ቈጠርን። ኮረሪማውና ጥምዙ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ልጆች ናቸው። ቁንዶ በርበሬ መጀመሪያ የበቀለው በህንድ አገር ነው፤ ቅርንፉድም ዛሬ ኢንዶኔዥያ ከምትባለው አገር ከሞሉካ ደሴቶች የተነሣ ነው። ቅርንፉድና ቀረፋ ስማቸውን እንኳ ከዐረብኛ ይዘው መጥተዋል። ሁሉም በአንድ ሙቀጫ ገብተው ስማቸው «ቅመም» ሆነ። የልጅቱም የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያው ሙቀጫ የሚወጣ መሆኑን ያን ቀን ተረዳን።

ልንሰናበት ስንል እናትየው «ልጄ ቀድሞ የጓደኞቿን ወሬ ታጫውተኝ ነበር፤ አሁን ግን ዝም ብላለች። ምን ሆና ይሆን?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም፤ አቀርቅረን ሲኒያችንን አየን።

በማግሥቱ በክፍሉ ፊት ቆመን ልጅቱን ይቅርታ ጠየቅናት። ወዲያው አልመለሰችልንም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ደብተሯን ይዛ ከመስኮቱ አጠገብ ተነሣችና ከመካከላችን ተቀመጠች። ይህንንም ዛሬ በእናንተ ፊት የምንናገረው እርሷ ስለ ፈቀደችልን ነው፤ ስሟን ግን እንዳንጠራ ለምናናለች።

ታናናሾቻችን ሆይ፤ እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። እናንተ በቦታችን ትቀመጣላችሁ። በባልንጀራችሁ ላይ ቅጽል ስም ልታወጡ ስትነሡ ቃሉ ከየት እንደ መጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኛ ጠይቀን ብናውቅ ኖሮ ልጅቱ ሁለት ዓመት ብቻዋን ባልተቀመጠች ነበር።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።