ሙክቱ ለማን ነው?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ አደግን። ተረቱ እኛ ጋ ይብቃ!

ለቀበሌ መታወቂያ «የሻይ» እንሰጣለን። ለመሬት ጉዳይ ደላላ እንልካለን። በዓል ሲደርስ ደግሞ ወረዳ ኃላፊው ቤት ሙክት ይገባል። እስኪ ልጠይቃችሁ፦ ሰውዬው ነገ ቢሻር ሙክቱን ትወስዱለታላችሁ? ካልወሰዳችሁ የሰጣችሁት ለወንበሩ ነው። ወንበሩ ደግሞ የሕዝብ ነው። ሙክት የሌላት እናት ወረፋ ላይ ስትንገላታ ትውላለች።

«እኔ ሰጪ እንጂ ተቀባይ አይደለሁም» እንዳትሉ! የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም አቀባባዩንም ይጠይቃል።

ክፍያ አለ ከተባላችሁ ደረሰኝ ጠይቁ። ሀገሬን እወዳለሁ ያለ ወጣት የድሃን ወረፋ በሙክት አይቀድምም። ከዛሬ ጀምሮ ደረሰኝ የሌለው ብር ከኪሳችን አይውጣ!