የእግር መንገድና የክረምት ወንዝ



በእንግሊዝ አገር ረጅም የእግር ጉዞ የዕረፍት ጊዜ ደስታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተው የፔናይን የእግር መንገድ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የጉዞው ወራት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፤ በዚያ አገር በጋ የሚሆነው ያን ጊዜ ነውና።

በአማኑኤል፣ በብቸናና በሞጣ ግን እነዚሁ ወራት ክረምት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ሜጀር ቺስማን የዓባይን ሸለቆ ያጠናው ደረቁን ወራት መርጦ ነበር። ባላገሩ ግን ወር የሚመርጥበት ዕድል የለውም። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ የተሸከመ ሰው ወንዙ ከሞላበት ከዳር ይቆማል።

ከሞጣ ወደ አንዳቤት የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ የጎንደር ዘመን ሥራ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ከተሰበረ በኋላ መንገደኛ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። የጎደለው ጥቂት ሜትር ግንብ ሲሆን፣ የተቸገረው ግን የጎጃምና የቤጌምድር ገበያተኛና ዘመድ ሁሉ ነው።

ስለዚህ የአገር መንገድ ሲቆጠር የእግሩም ይቆጠር፤ በጀት ሲያዝም የእግረኛ ድልድይ ይታሰብ። በክረምት የማያሻግር መንገድ ለባላገሩ የግማሽ ዓመት መንገድ ነው።