አንቀጽ ያጣ ጥያቄ

(በደባርቅ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች የመገናኘት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሕገ መንግሥት አወጣጥ ትንሽ ተናገር» ሲሉኝ የማስተምርበትን ማስታወሻ ይዤ ልመጣ ነበር። ትናንት ግን አውቶቡሱ አምባራስ ላይ ቆሞ እናንተ ዋልያ ፍለጋ ካሜራችሁን ስታወጡ ሐሳቤን ለወጥኩ። የተወለድኩት እዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ራሴ ስላበላሸሁት አንድ ቃለ ጉባኤ ነው።

የቀደመውን በአጭሩ ልለፈው። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ሲወጣ ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ፤ ምሳሌ ያደረጉትም የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። ክርክሩ በንጉሠ ነገሥቱና በመኳንንቱ መካከል ነበር፤ መኳንንቱ ግዛታቸውን ለልጆቻቸው ያወርሱ ወይስ አያወርሱ በሚለው ላይ። የ1948ቱም 131 አንቀጽ ይዞ ከላይ የወረደ ነው። በ1966 የተዘጋጀውን ረቂቅ ደግሞ ደርግ ወደ ጎን አደረገው። ይህን ከእኔ የበለጠ የምታውቁ እዚህ አላችሁ፤ ፈተና ላይም ትበልጡኝ ነበር።

ገበሬው ተሰብስቦ «ምን ትላለህ?» ሲባል በዓይኔ ያየሁት በ1978 ክረምት ነው። የዚያ ረቂቅ አርቃቂ ኮሚሲዮን 343 አባላት ነበሩት፤ ከእነሱ ውስጥ 122ቱ የኢሠፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባላትና ተለዋጭ አባላት ናቸው። ረቂቁ በሰኔ ወጣ፤ በ25,000 ያህል የስብሰባ ቦታዎች ውይይት ተደረገበት፤ በነሐሴ ኮሚሲዮኑ ተመልሶ ተሰበሰበ። የህንዶቹ ጉባኤ ለዚሁ ሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። የእኛው በአንድ ክረምት አለቀ፤ ያውም ዝናብ ሳያባራ።

እኔ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ደባርቅ ዘመድ ቤት ተጠግቼ እማራለሁ። ከደባርቅ በላይ ያለው አገር በዚያ ዘመን መንግሥት ቀን እንጂ ሌሊት የማያድርበት ነበር። ስለዚህ ለገበያ የወረደው ደገኛ ሁሉ ወደ አዳራሹ ገባ በሉ ተባለ። ጋቢው ረጥቦ ይተናል፤ አዳራሹ በሱፍና በጢስ ሽታ ታፍኗል። ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ረቂቁን ማንበብና ቃለ ጉባኤ መያዝ ለእኔ ተሰጠኝ። አቤት የተሰማኝ ኩራት!

የተሰጠኝ ቅጽ ሦስት ዓምድ ነበረው፤ ምዕራፍ፣ አንቀጽ፣ የቀረበ ሐሳብ። ሰው ስለ ግብር ጠየቀ፣ ስለ ሃይማኖት ጠየቀ፣ ስለ ጋብቻ ጠየቀ። በአገር ደረጃም ከሁሉ በላይ ያከራከረው ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን የሚከለክለው ሐሳብ ነው፤ በተለይ ሙስሊሞች አጥብቀው ተቃወሙት። ሁሉንም ቁጥር ቁጥሩን እየሰጠሁ ጻፍኩ።

ከኋላ አንድ የአምባራስ ሰው ተነሡ። በዘራቸውን ተደግፈው፣ ሳይቸኩሉ፣ «መሬት የሕዝብ ነው አላችሁን። እሺ። ፓርክ ሲመጣ ግን ተነሡ የምንባለው እኛ ነን። ከገደሉ በታች የነበሩት ዘመዶቻችን ተነሥተዋል። እንግዲህ ያ ሕዝብ የምትሉት ማን ነው? እኛ እንሆን ወይስ ሌላ አለ?» አሉ።

ሰብሳቢው «አባት፣ እሱ ከአጀንዳ ውጭ ነው» አላቸው።

እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የእገሌ ልጅ፣ ጻፍከው?»

«አዎ አባባ» አልኩ።

አልጻፍኩትም። ሰብሳቢውን ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን የትኛው አንቀጽ ሥር እንደማስገባው ስላላወቅሁ ነው። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ሊሆን ነው፤ ቅጹ ይበላሽብኛል። ዘለልኩት።

ከመላው አገር ከ500,000 በላይ የማሻሻያ ሐሳብ ቀረበ ተባለ፤ ኮሚሲዮኑ 95 ማሻሻያ ተቀበለ፤ ብዙዎቹም የቃላት ነገር ናቸው። ጥር 24 ቀን 1979 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ድምፅ ከሰጠው 81 በመቶው ደገፈ ተባለ። የእኒያ ሰውዬ ጥያቄ ግን ከግማሽ ሚሊዮኑ ውስጥ እንኳ የለም። ቢጻፍስ ምን ይለወጥ ነበር? ምናልባት ምንም። ግን ይህ እኔን ነፃ አያወጣኝም።

ስምንት ዓመት አለፈ። ያኔ ሁላችንም ስድስት ኪሎ ነን፤ በክፍሉ አ. እና በክፍሉ መ. መካከል ስለ አንቀጽ 39 የተነሣውን ጭቅጭቅ የምታስታውሱ ትስቃላችሁ። በአቶ ክፍሌ ወዳጆ የሚመራው ኮሚሽን ያዘጋጀው ረቂቅ በየቀበሌው ተነበበ። ግንቦት 28 ቀን 1986 የሕገ መንግሥት ጉባኤ አባላት ተመረጡ፤ ወንበሩ 547 ሲሆን ከፍተኛውን ድርሻ ኢሕአዴግ ያዘው። ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ከምርጫው ውጭ ነበሩ፤ ስለዚህ ክርክሩ የተሟላ ነበር ማለት አልችልም። ክርክር አልነበረም ማለት ግን ሐሰት ነው። መሬት በመንግሥት እጅ ይሁን ወይስ የግል ይሁን በሚለው ላይ አናሳው ወገን ሐሳቡን ተናግሯል፤ ቃለ ጉባኤውም አለ። እኔ ገልብጬ ያነበብኩት ስለ አንቀጽ 39 ለማወቅ አይደለም። አንድ ሰው የአምባራሱን ጥያቄ ጠይቆ እንደሆነ ብዬ ነው።

ጥያቄው እንዳለ የለም። ኅዳር 29 ቀን 1987 በጸደቀው ሕግ ላይ ግን ቅርብ የሆነ ነገር አገኘሁ። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ፣ ገበሬው በነፃ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ለሚፈናቀል ሰው ካሳ ይገባዋል ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ሥራ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። ያን ቀን ማታ መኝታ ክፍሌ ቁጭ ብዬ በሌለ ቅጽ ላይ ሦስቱንም ቁጥር ከጥያቄያቸው ጎን ጻፍኩ።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ነው፤ በ1970 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ ከ1989 እስከ 2009 ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ቆየ። በ2008 የግጭ ሰዎች ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ዳር ወረዱ። ዋልያው መጠበቅ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም፤ ልጅ ሆኜ የጠበቅኋቸው በጎችም የግጦሹን ሣር ሥሩ ድረስ ሲበሉት አይቻለሁ። ግን ገብስ ሲያርስ የኖረ ሰው ከተማ ዳር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ገንዘብ ይዞ ሲቀመጥ ገንዘቡ ስንት ዓመት እንደሚያቆየው የጠየቀው ማን ነው?

ትናንት እናንተ ፎቶ ስታነሡ እኔ የሰውዬውን ቤት ጠየቅሁ። አርፈዋል። የልጅ ልጃቸው ገብስ አጨዳ ላይ ነበር፤ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጦ ሰላም አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ አለመጻፌንም ጭምር። ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ አንቀጽ 44ንና 92ን አነበብኩለት። እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ እኛም እንነሣ ቢባል መጀመሪያ ይጠይቁናላ?»

«ሕጉ እንደዚያ ይላል» አልኩት።

«ስንናገር የሚጽፈውስ ማን ነው?»

ማስታወሻዬን አውጥቼ ስሙን፣ የአያቱን ስምና ሁለቱን ጥያቄዎች ጻፍኩ። ገጹን ቀድጄ ሰጠሁት፤ ግልባጩ እኔ ዘንድ አለ።