የጉበት ስብ፦ ሐኪሙ ሊያስተውለው፣ ምእመኑም ሊጠይቅበት የሚገባ ሕመም

ለአዳማና ለአካባቢው ከተሞች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንናገርለት ሕመም ትኩሳት የለውም፣ አያስልም፣ ብዙ ጊዜም አያምም። አንድ ሰው ለሐሞት ጠጠር ወይም ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ይነሣል፤ በውጤቱ ወረቀት ላይ «ፋቲ ሊቨር» የሚል ቃል ይጻፍለታል። ከዚያ በኋላ ምን ይደረግለታል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

በአገራችን «ጉበት» ሲባል በሕዝቡ ልብ ቀድሞ የሚመጣው የወፍ በሽታ ነው። በሕክምናውም ዘንድ የጉበት ነገር በአብዛኛው የሄፓታይተስ ቫይረስ ነገር ሆኖ ቆይቷል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኝ ሕመም ነው፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የሕክምና መርሐ ግብርም ሕመሙ በአገር ውስጥ ሊታከም እንደሚችል አሳይቷል። ይሁን እንጂ ዘበኛው አንዱን በር ብቻ ሲጠብቅ፣ ሌላው ጠላት በሌላው በር ይገባል።

የጉበት ስብ የሚባለው ከጉበት ሴሎች ከመቶ 5 በላይ በሚሆኑት ውስጥ ስብ ሲከማች ነው። ዋና መንሥኤዎቹ የሆድ ውፍረት፣ የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊትና የደም ቅባት መዛባት ናቸው። በዓለም ካሉት አዋቂዎች ከመቶ 30 የሚጠጉት ይህ ስብ እንዳለባቸው ይገመታል። ከእነርሱ አብዛኞቹ ለከፋ የጉበት ጉዳት አይደርሱም፤ በጥቂቶቹ ግን ስቡ ወደ ቁስለት፣ ቁስለቱ ወደ ጠባሳ፣ ጠባሳውም ወደ ጉበት መኮማተርና ወደ ካንሰር ያድጋል። ከሁሉ በላይ ሕመሙ ያለባቸውን ሰዎች የሚገድለው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው።

ሐኪሞች ይህን ምን ያህል ያውቁታል? በ40 አገሮች ከ2,000 በላይ ሐኪሞች የተጠየቁበት ጥናት፣ የጉበት ስፔሻሊስቶች የተሻለ ዕውቀት እንዳላቸው፣ ታካሚውን በመጀመሪያ የሚያገኙት ጠቅላላ ሐኪሞች ግን ከእነርሱ እንደሚያንሱ አሳይቷል። ሕመምተኛው ግን መጀመሪያ የሚደርሰው ከስፔሻሊስቱ ዘንድ ሳይሆን ከጤና ጣቢያው ነው። በዚያም በአንድ ቀን እጅግ ብዙ ሰው የሚያይ ባለሙያ፣ ሕመም ስለማያሰማ ስብ ለመወያየት ጊዜ ያጥረዋል። ስለዚህ የምንናገረው ሐኪሞችን ለመውቀስ አይደለም።

ዕውቀቱ ሲጎድል ሁለት ጉዳቶች ይከተላሉ። የመጀመሪያው «ምንም አይደለም» ተብሎ መሸኘት ነው። የጉበት ኢንዛይም ልኩ ደኅና ቢሆንም እንኳ ስቡም ጠባሳውም ሊኖር እንደሚችል መታወቅ አለበት። ሁለተኛው ደግሞ ያለ ማስረጃ «መጠጥ ታበዛለህ» መባል ነው። አንዲት መጠጥ ቀምሳ የማታውቅ እናት ይህን ስትሰማ ታፍራለች፤ ወረቀቷንም ሸሽጋ ሁለተኛ ወደ ሕክምና አትመለስም። የዓለም የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2023 የሕመሙን ስም የቀየሩት በከፊል ለዚህ ነው። የቀድሞው ስም «ከአልኮል ያልሆነ» ይል ነበር፤ አዲሱ ሕመሙን ከሰውነት የምግብ አጠቃቀም መዛባት ጋር ያያይዘዋል።

የስምጥ ሸለቆ ሕዝብ ከአካባቢው የሚመጣን ሕመም ያውቃል። የከርሰ ምድራችን ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ምልክቱንም በልጆቻችን ጥርስ ላይ እናያለን። የጉበት ስብ ግን ጥርስ ላይ አይታይም። ምክንያቱም በአኗኗራችን ውስጥ ገብቷል። በአዳማና በሞጆ መንገድ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሾፌር፣ ከሱቁ የማይነሣ ነጋዴ፣ በየመስተንግዶው የሚቀርብ ለስላሳ መጠጥ፣ በስኳር የበዛ ሻይ፣ በዘይት የራሰ ምግብ ሁሉ ድርሻ አላቸው። የስኳር ፋብሪካ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በወንጂ አብሮን አለ፤ ስኳሩ ከማሳ ወደ ገበታችን ሲመጣ ልክ ሊበጅለት ይገባል። አረቄም የራሱን የጉበት ሕመም ያመጣል፤ ስብ በያዘው ጉበት ላይ ሲጨመር ጉዳቱን ያፋጥናል።

ደስ የሚያሰኘው፣ ጠባሳ መኖር አለመኖሩን ለመገመት ውድ መሣሪያ የግድ አለመሆኑ ነው። «ፊብ-4» የሚባለው ስሌት የሚፈልገው የታካሚውን ዕድሜ፣ የሁለት ጉበት ኢንዛይሞችንና የፕላትሌትን ልክ ብቻ ነው። ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ ከ2 በታች ከሆነ፣ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ስለሆነም ምእመናን «ፋቲ ሊቨር» የሚል ወረቀት ሲይዙ ባለሙያውን በትሕትና ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እንምከር፦ ስኳሬ፣ ግፊቴና የደም ቅባቴ ተለክቷል? ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ተመርምሬያለሁ? ጠባሳ መኖሩ በስሌት ታይቷል? ወረቀቱንም አይጣሉት።

መድኃኒቱ በአብዛኛው በእጃችን ነው። የሰውነት ክብደትን ከመቶ 5 መቀነስ ስቡን ያቀልላል፤ ከመቶ 7 እስከ 10 መቀነስ ቁስለቱን ያሻሽላል። ይህ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው መጀመሪያ 4 ኪሎ፣ ቀጥሎም ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። «ጉበት ያጥባል» እየተባለ ከሚሸጥ ቅጠል ግን እንጠንቀቅ። በትግራይ በጸዓዳ እምባ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ብዙ ቤተሰብ የጎዳው የጉበት ሕመም፣ ከእህል ጋር ከተቀላቀለ የአረም መርዝ ጋር እንደሚያያዝ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ተክል ሁሉ ለጉበት ወዳጅ አይደለም።

ስለ ጾም ብዙዎች ይጠይቁናል። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ለጉበት መልካም ምግቦች ናቸው፤ ነገር ግን ሲፈታ በዘይት፣ በዳቦና በለስላሳ መጠጥ የሚካስ ከሆነ ለሰውነት የሚገኘው ጥቅም ይጠፋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ሳይመክር ምግብ አያዘግይ። ካህኑ በዚህ ረገድ የሚናገረው ቃል ከእኛ ንግግር ይልቅ ይሰማል።

ከሰበካ ጉባኤዎች የምንለምነው ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ያዙት። አንድ የልኬት ሜትር ግዙ፤ ወገቡ ከ94 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ወንድና ከ80 በላይ የሆነች ሴት ስኳራቸውንና ግፊታቸውን እንዲለኩ ንገሯቸው። በሰንበቴውና በዝክሩ ከለስላሳው ጎን ንጹሕ ውኃ ይቅረብ። በአጥቢያችሁ ከምእመናን መካከል ነርስ ወይም ሐኪም ካለም፣ ከቅዳሴ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ስጡት፤ የሚያስተምር ሰው ራሱም ይዘጋጃልና።