የአሸዋ ውኃ ማጣሪያ እንዴት ይታጠባል? አሸዋውስ መቼ ይለወጣል?



ዛሬ የምናገረው በየቤታችሁ ጥግ ስለ ቆመው የሲሚንቶ ውኃ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያውን ስትቀበሉ አጠቃቀሙን ሰምታችኋልና ያንን ሁሉ አልደግምም። የመጣሁት ስለ አጠባው ልነግራችሁ ነው። በየቤቱ እየዞርሁ እንዳየሁት፣ ማጣሪያውን የሚያበላሸው ቸልተኛ ሰው ብቻ አይደለም፤ ታታሪዋ እናትም ታበላሸዋለች። እንዲያውም ንጽሕና አብዝታ የምትወደው ትብሳለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ቤት ገባሁ። ቤቱ የተጠረገ፣ ዕቃው የሚያበራ ነው። እመቤቲቱ ማጣሪያውን ከፍተው አሳዩኝና «ልጄ፣ አሸዋውን እስከ ታች አውጥቼ በሳሙና አሸሁት፤ በበረኪናም አለቀለቅሁት፤ አሁን ውኃው እንደ ምንጭ ይወርዳል» አሉኝ። እውነትም ይወርዳል፤ ጥርት ያለም ነው። ነገር ግን በዚያው ሳምንት የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው በተቅማጥ ተይዞ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጠን እያጠጣን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ዳነም። ተቅማጡ የመጣው ከዚያ ውኃ ነው ብዬ አልምልም፤ ዝንብም አለ፣ ያልታጠበ እጅም አለ። ያ ማጣሪያ ግን በዚያን ቀን የጭቃ ወንፊት እንጂ የጀርም ማጥለያ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ማጣሪያው ጀርም የሚይዘው አሸዋ ስላለበት ብቻ አይደለም። ውኃ በየቀኑ ሲያልፍበት በአሸዋው ራስ ላይ፣ በአንድ ሁለት ሳንቲም ሜትር ውስጥ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ይራባሉ። እነዚህ ከወንዙ ጋር የመጡትን የበሽታ ጀርሞች ይበሏቸዋል። ካመለጡትም ብዙዎቹ ወደ ታች ሲወርዱ በአሸዋው ላይ ተጣብቀው፣ ምግብና አየር አጥተው ይሞታሉ። ይህ ሕያው ንጣፍ በአንድ ቀን አይገኝም፤ እስኪበስል ድረስ እስከ 30 ቀን ይፈልጋል።

ይህን ነገር እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ እርሾ ማለት ነው። ሊጥ ስታቦኩ እርሾውን ጥርግ አድርጋችሁ ትደፋላችሁን? አትደፉም፤ ለሚቀጥለው ታስቀራላችሁ። የጠላ ጋን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በግራዋ ታሹታላችሁ፣ በወይራ ታጥኑታላችሁ፣ ደግ ነው። ማጣሪያውን ግን እንደ ጋን ሳይሆን እንደ እርሾ ያዙት። ሳሙና፣ በረኪና፣ የፈላ ውኃ ወደ አሸዋው አይግባ። እንደ ውኃ አጋር ያለ መድኃኒት የተጨመረበት ውኃም ከላይ አይፈስስበት፤ መድኃኒቱ የሚጨመረው ውኃው ተጣርቶ ከወረደ በኋላ በጀሪካኑ ውስጥ ነው።

ይህ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። በጀርመን አገር በኤልብ ወንዝ ዳር ሐምቡርግና አልቶና የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ከተሞች ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ኮሌራ በገባ ጊዜ የወንዙን ውኃ ሳያጣራ የሚጠጣው ሐምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰው ቀበረ። አልቶና ግን ውኃውን የሚቀዳው የሐምቡርግ ቆሻሻ ከሚወርድበት በታች ሆኖ ሳለ፣ በአሸዋ ያጣራ ስለ ነበር ከሐምቡርግ ጋር ሲተያይ የሞተበት ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በ1893 መጀመሪያ ኮሌራ በአልቶናም ተነሣ። ሮበርት ኮኽ የተባለው ሐኪም ቢመረምር፣ በብርዱ ወራት ሲጠረግ ራሱን በረዶ የያዘው አንድ የአሸዋ ማጣሪያ ጀርሙን ያሳልፍ ኖሯል። አሸዋው ያው ነው፤ የተበላሸው ላዩ ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ማጣሪያው መታጠብ የሚገባው መቼ ነው? ቀን ቆጥራችሁ አትጠቡት። ሲደፈንና ውኃው ሲዘገይ ብቻ ነው። መለኪያውም ቀላል ነው፤ ማጣሪያውን እስከ አፉ ሙሉና ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ ከቱቦው ሥር አድርጋችሁ በእጅ ስልክ ሰዓት ያዙ። ደህና ሲሆን ጠርሙሱ በ2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይሞላል። 10 ደቂቃ ከፈጀበት አጠባ ደርሷል። ከ2 ደቂቃ በታች የሚሞላ ከሆነ ግን ደስ አይበላችሁ፤ አሸዋው ጀርም ለመያዝ ጊዜ አላገኘም ማለት ነውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሩ።

አጠባው እንዲህ ነው። ክዳኑን አንሡ። አንድ አራት ሊትር ውኃ ቀስ ብላችሁ ጨምሩና ከአሸዋው በላይ ያለውን ባለ ቀዳዳ ሳህን አውጡ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ የአሸዋውን ራስ ብቻ እየነካካችሁ በክብ አዙሩ፤ የተኛ ሕፃን ጀርባ የምትዳብሱ ያህል ይሁን። ጣት ወደ ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ከታቹ ጋር አይደባለቅም። ውኃው ሲደፈርስ ድፍርሱን በኩባያ እየቀዳችሁ በባልዲ አውጡ። ውኃው በደህና እስኪወርድ ይህንኑ ደጋግሙ። በመጨረሻ አሸዋውን አስተካክሉ፣ ሳህኑን መልሱ፣ ክደኑ። የወጣው እድፍ የታሰረ ጀርም ስለሆነ ልጆች ከማይደርሱበት ድፉት፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ንጣፉ እስኪያገግም ድረስ፣ አንድ ሳምንት ያህል፣ የምትጠጡትን አፍሉ ወይም በመድኃኒት አክሙ።

ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ የሚደፈነው በክረምት ነው። የክረምት ወንዝ ጭቃ ነውና ውኃውን በእንስራ አሳድራችሁ፣ ላይ ላዩን በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ አፍስሱ። ደግሞም ከአንድ ምንጭ ቅዱ። ንጣፉ የለመደው ውኃ አለው፤ ዛሬ ከምንጭ፣ ነገ ከወንዝ ሲሉበት ይታወካል።

በየቀኑ ውኃ ይጠጣ፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ፤ ከ2 ቀን በላይ ግን ያለ ውኃ አይደር። ለለቅሶ ወይም ለተዝካር ርቃችሁ የምትሄዱ እንደ ሆነ ጎረቤት አንድ ባልዲ ታፍስስላችሁ። ውኃው መውረድ ሲያቆም ከአሸዋው በላይ 5 ሳንቲም ሜትር፣ የሦስት ጣት ስፋት ያህል፣ ውኃ ተኝቶ መቅረት አለበት። ከዚያ ከበዛ አየር ወደ ሕያዋኑ አይደርስም፤ ካነሰም ይደርቃሉ። ስለዚህ በቱቦው አፍ ላይ ቧንቧም ሆነ ላስቲክ አትግጠሙ፤ ይህን ልክ ያፋልሳልና።

አንድ አባት «ታዲያ አሸዋው አያረጅም ወይ? በስንት ዓመት ይለወጣል?» ብለው ጠይቀውኛል። አሸዋ አያረጅም፤ በዓመትም አይለወጥም። የሚሆነው፣ በየአጠባው ትንሽ ትንሽ እየተቀዳ ይጎድላል። የተኛው ውኃ ከሦስት ጣት አልፎ ሲገኝ የታጠበና የተነፋ አሸዋ ጨምራችሁ ልኩን መልሱ። ከወንዝ ዳር ከሚዛቀው ይልቅ ከተፈጨ ድንጋይ የሚገኘው ይሻላል፤ የወንዙ የከብት እበት ያለበት ነው።

ሙሉ በሙሉ አውጥቶ እንደገና መሙላት የሚያስፈልገው ከታች ያለው ጠጠር ከአሸዋው ጋር ሲደባለቅ፣ ወይም አሸዋ በቱቦው ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ ትልቁ ጠጠር 5 ሳንቲም ሜትር፣ በላዩ ደቃቁ ጠጠር 5 ሳንቲም ሜትር፣ ከዚያ አሸዋው ከ50 ሳንቲም ሜትር በላይ ይሞላል። ጠጠሩ ውኃው ጥርት እስኪል ይታጠባል። አሸዋው ግን እንዲያ ከታጠበ ደቃቁ ሁሉ ይሄዳል፤ ማጠቢያው ትንሽ እንደ ደፈረሰ ይተው። አሸዋው ሲጨመርም ሣጥኑ ውስጥ ውኃ ይኑር፤ አለዚያ አየር ይታሰርበታል። ከዚህ በኋላ ያ 30 ቀን እንደገና ይቆጠራል፤ እስከዚያ ማጣሪያው ሥራውን አልጀመረም ብላችሁ ውኃችሁን እያፈላችሁ ጠጡ።

የተጣራውን መቀበያ ጀሪካን በሳሙና ማጠብ ግን ይገባል፤ ክዳን ይኑረው፤ ኩባያ አይጠለቅበት፤ ወንዝ የሚወርደው ጀሪካንና ይኸኛው አንድ አይሁኑ። የቱቦውን አፍ ልጆች ይነካካሉና እሱንም ከውጭ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት።

አሁን አንድ ባልዲ፣ አንድ ኩባያና አንድ የሊትር ጠርሙስ አምጡልኝ። እዚህ ጓዳ ያለው ማጣሪያ እንደ ዘገየ ሰምቻለሁ፤ መጀመሪያ እንለካው፤ ከዚያ እጃችሁን እየታጠባችሁ በተራ ትሞክሩታላችሁ።